ፍርድ ቤት ቆሞ መናገር ያቃተው ጠበቃ፦ ማህተመ ጋንዲ

አዲስ አበባ ላደገ ሰው «ጋንዲ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው። ስንቶቻችን እዚያ ተወልደናል! ስሙ የተሰጠበትን ሰው ደግሞ የምናውቀው በፎቶ ነው፦ ነጠላ የተከናነበ፣ መነጽር ያደረገ፣ በትር የያዘ ቀጭን ሽማግሌ። ሕንድን ከእንግሊዝ ለማላቀቅ ጠመንጃ ሳያነሳ የታገለ ሰው።

ዛሬ የምናወራችሁ ግን ስለ ጠበቃው ጋንዲ ነው። ያውም መጀመሪያ ላይ ሥራ ስላጣው ጠበቃ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሃንዳስ ጋንዲ በ1869 በምዕራብ ሕንድ ፖርባንደር ከተማ ተወለደ። ለንደን ሄዶ ሕግ ተማረ፣ በ1891 የጥብቅና ማዕረጉን አግኝቶ ተመለሰ። ቤተሰቡ ብዙ ጠብቆ ነበር፤ ገበያው ግን አልተቀበለውም። ቦምቤይ ላይ የመጀመሪያ ጉዳዩን ያገኘው በ30 ሩፒ ነበር። ደንበኛ ለሚያመጡ ደላሎች ኮሚሽን ስጥ ሲባልም እምቢ አለ።

ቀኑ ደርሶ ምስክር ሊጠይቅ ሲነሳ ራሱ ዞረበት። ምን እንደሚጠይቅ ጠፋው። ቁጭ አለ፣ ገንዘቡን መለሰ፣ ጉዳዩን ሌላ ጠበቃ እንዲይዘው ነግሮ በኀፍረት ወጣ። ከዚያ በኋላ ራጅኮት ገብቶ፣ እኛ አገር ራፖር ጸሐፊዎች እንደሚሠሩት፣ ለሰው ማመልከቻና አቤቱታ እየጻፈ መኖር ጀመረ።

በ1893 አንድ እድል መጣ። ደቡብ አፍሪካ ያለ የሕንዳውያን የንግድ ድርጅት ለአንድ ዓመት በ105 ፓውንድ ቀጠረው። እዚያ እንደደረሰ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፦ የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዞ ሳለ በቆዳው ቀለም ምክንያት ፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ላይ ከባቡር ተወረወረ።

የመጣበት ጉዳይ በሁለት ሕንዳውያን ነጋዴዎች መሀል የነበረ የ40,000 ፓውንድ ክስ ነው። ጋንዲ ፋይሉን ሲያገላብጥ አንድ ነገር ገባው። ክሱ በቀጠለ ቁጥር የሚያተርፉት ጠበቆች ናቸው፤ ሁለቱ ነጋዴዎች ግን እኩል ይከስራሉ። ስለዚህ በግልግል ዳኝነት እንዲጨርሱ አግባባቸው። የሱ ወገን ሲረታ ደግሞ፣ ተሸናፊው አንዴ ክፈል ቢባል ስለሚወድቅ፣ ቀስ እያለ በየጊዜው እንዲከፍል አስማማ።

ውሉ አልቆ ሊመለስ ሲል ሕንዳውያኑ የመምረጥ መብታቸውን የሚነጥቅ ረቂቅ ሕግ መምጣቱ ታወቀ። እባክህ ቅር አሉት። ቀረ፤ ግን ለሕዝብ ሥራ ደመወዝ አልቀበልም አለ። ወደ 20 የሚሆኑ ነጋዴዎች የራሳቸውን የሕግ ሥራ ሰጡት፣ በዚያ ኖረ። የናታል የጠበቆች ማኅበር እንዳይገባ ቢቃወምም ፍርድ ቤቱ በ1894 ፈቃድ ሰጠው።

ፈቃዱን ካገኘ ጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሰው ቢሮው ገባ። ልብሱ ተቀዳዷል፣ የፊት ጥርሶቹ ተሰብረዋል፣ አፉ ይደማል። ባላሱንደራም ይባላል። ለዓመታት በውል ታስረው ከሚሠሩት ሕንዳውያን የቀን ሠራተኞች አንዱ ነው፤ የደበደበው አሠሪው ነው። ጥምጣሙን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር፤ እንደሱ ያለ ሠራተኛ ነጭ ፊት ሲቀርብ ራሱን እንዲገልጥ ይገደድ ስለነበር ልማዱ ሆኖበት ነው። ጋንዲ መጀመሪያ ያለው ጥምጣምህን ጠምጥም ነው።

ሕጉ ደግሞ ከባድ ነበር። ተራ ሠራተኛ ሥራ ጥሎ ቢሄድ በፍትሐ ብሔር ነው የሚጠየቀው። በውል የታሰረው ግን ከጠፋ ወንጀለኛ ሆኖ ይታሰራል። እና ዝም ብሎ አሠሪውን መክሰስ ሰውየውን አያድነውም። ጋንዲ ሐኪም ዘንድ ልኮ የጉዳቱን ማስረጃ አወጣ፣ ዳኛ ፊት አቀረበው፣ ሌላ የሚቀጥረው ሰው ራሱ ፈልጎ አገኘና ውሉ ተዛወረ። ደብዳቢው አሠሪም ጥፋተኛ ተባለ።

ወሬው በየእርሻው ተዳረሰ። ለነሱ የሚቆም ጠበቃ አለ ሲባል የጋንዲ ቢሮ በሠራተኞች ተሞላ። ከጊዜ በኋላ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሥራው እንዲህ ያለ ሆነ፤ ከወጪ በቀር አያስከፍልም፣ አንዳንዴ ወጪውንም ከኪሱ ይችላል። ውላቸውን ጨርሰው ነፃ በወጡ ሕንዳውያን ላይ የተጣለው የ3 ፓውንድ ዓመታዊ ግብርም ከረጅም ትግልና ከ1913ቱ አድማ በኋላ በ1914 ተሰረዘ።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ያኔ ወጣቱ ጋንዲ የታገለው ለሕንዳውያን ነበር፤ ስለ ጥቁር አፍሪካውያን የጻፋቸው የንቀት ቃላትም አሉ። የጋና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የቆመው ሐውልቱ በ2018 የተነሳው በዚሁ ተቃውሞ ነው። ይህም የታሪኩ አካል ነው።

አገሩ ተመልሶ በ1917 የሠራው ሥራ ደግሞ ለጠበቆች ሁሉ የሚነገር ነው። በቢሃር ግዛት ቻምፓራን በተባለ ቦታ ገበሬዎች ከ20 እጅ መሬታቸው 3ቱ ላይ ለእንግሊዝ ባለርስቶች ኢንዲጎ፣ ማለትም የሰማያዊ ቀለም ተክል፣ እንዲዘሩ ይገደዱ ነበር። ጋንዲ ሲደርስ የአካባቢው ጠበቆች ለገበሬው እንቆማለን እያሉ ከደሃው ብዙ ገንዘብ ይወስዱ ነበር። ጋንዲ ወቀሳቸው። ፍርድ ቤቱም ለዚህ ጉዳይ መፍትሔ እንደማይሆን ነገራቸው። ገበሬው መጀመሪያ ከፍርሃት መውጣት ነበረበት።

የጠየቃቸው ነገር ቀላል አልነበረም፦ ጥብቅናውን ትታችሁ ያለክፍያ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሁኑ፣ ካስፈለገም ታሰሩ። ተስማሙ። የየራሳቸውን አብሳይና አሽከር ይዘው የመጡት ጠበቆች ጋንዲ ሲስቅባቸው አሽከሮቹን ሸኝተው ከአንድ ማዕድ መብላት ጀመሩ። የብዙ ሺህ ገበሬዎችን ቃል ጻፉ። ዝም ብለው አልጻፉም፤ እያንዳንዱን በመስቀለኛ ጥያቄ ፈትነው፣ ያልጸናውን ይተዉት ነበር።

መንግሥት ጋንዲን ከአካባቢው ውጣ ብሎ ከሰሰው። እሱም ትእዛዙን መጣሱን አምኖ ዳኛው ፊት ቆመ፤ ክሱ ተነሳ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ጋንዲም አባል ሆነ። ባለርስቶቹ አላግባብ ከወሰዱት 25 በመቶ እንዲመልሱ ተወሰነ፣ ግዴታውም በ1918 በሕግ ቀረ። ከነዚያ ጸሐፊ ጠበቆች አንዱ ራጄንድራ ፕራሳድ ነበር፤ በኋላ የሕንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

በ1922 ጋንዲ በአመፅ ማነሳሳት 6 ዓመት ተፈረደበት። ለንደን ያለው የጠበቆች ማኅበሩም ስሙን ሰረዘው። በጥር 1948 በጥይት ሲገደል ስሙ እንደተሰረዘ ነበር። ማኅበሩ መልሶ የመዘገበው በ1988፣ ከሞተ 40 ዓመት በኋላ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣ ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል። ይሄ ግን ለወንጀል ተከሳሽ ነው። ደመወዝ የተከለከለች የቤት ሠራተኛ፣ ለልጇ ቀለብ የምትጠይቅ እናት፣ ከቤት ውጡ የተባለ ተከራይ እዚያ ውስጥ የሉም። ለነሱ የሚቀረው የጠበቆች ነፃ አገልግሎት ነው። በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ስር ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሴቶችን በነፃ ያግዛል።

ብር ስለሌለው ብቻ መብቱን ትቶ ቁጭ ያለ ሰው የምታውቁ ከሆነ ይሄን ላኩለት። የሕግ ተማሪ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ለሱም ላኩለት። የመጀመሪያ ቀን ቢንቀጠቀጥ አይፍራ፣ ጋንዲም ተንቀጥቅጧል።