አንቶኒ ትሮሎፕ፤ ከቢሮ ሰዓት በፊት የሚጽፈው የፖስታ ቤት ሹም

ማታ ከሥራ በኋላ የሚሰበሰቡትን የወጣት መንግሥት ሠራተኞችና የተማሪዎች ጨዋታ ያዳመጠ ሰው፥ ብዙዎቹ ሊጽፉት ያሰቡት ልብ ወለድ ታሪክ እንዳላቸው ይረዳል። የታሪኩ መነሻ ይነገራል፤ የዋናው ሰው ስም ይወጣል፤ መጨረሻውም ይተረካል። የሚቀረው መጻፉ ብቻ ነው። ለምን እንዳልተጻፈ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጊዜ የለም። ጠዋት የፋይል ክምር፥ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ፥ ማታ ድካም፥ እሑድ ደግሞ ለቅሶና ሠርግ። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ደመወዝ መቀበል ከጀመርን ወዲህ ይህንኑ ምክንያት ስንደጋግም ስለ ኖርን፥ ወቀሳው ከራሳችን ይጀምራል።

ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው ይህን ምክንያት ከእኛ ይልቅ ለማቅረብ የሚችል ነበር። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ 33 ዓመት በመንግሥት ፖስታ ቤት አገልግሏል፤ ከአገር አገር በፈረስ፥ በባቡርና በመርከብ ተንከራትቷል፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሳድሯል። ይሁንና በሕይወቱ ዘመን 47 ልብ ወለድ ታሪኮችን ጽፏል፤ ከእነዚህም እጅግ ዝነኞቹ የተጻፉት ገና የመንግሥት ሠራተኛ ሳለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፥ አገራችንን ከሚመለከቱት በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ትሮሎፕ ሚያዝያ 24 ቀን 1815 በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ የተማሩ ጠበቃ ነበሩ፤ ነገር ግን ቁጡ በመሆናቸው ደንበኛ ሸሻቸው፤ ወደ እርሻ ቢዞሩም ያላቸው ገንዘብ ሁሉ ባከነ። ልጁ የገባባቸው ሃሮና ዊንቸስተር የተባሉት ትምህርት ቤቶች የባለጸጋና የመኳንንት ልጆች መማሪያ ስለ ነበሩ፥ በጭቃማ መንገድ በእግሩ ተጉዞ በተቀዳደደ ልብስ የሚደርሰው ድኻ ልጅ የሁሉ መሳለቂያ ሆነ። የትምህርት ክፍያው ሳይከፈል መቅረቱንም ጓደኞቹ ያውቁ ነበር። የሚያጫውተው ስላላገኘ በልቡ ታሪክ እየፈጠረ ብቻውን ይጫወት ጀመር። አንዱን ታሪክ ለሳምንታት፥ ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመት እየቀጠለ በሐሳቡ ያኖረው ነበር። ይህ የብቸኛ ልጅ ጨዋታ በኋላ እንጀራው እንደሚሆን በዚያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ እናቱ ነበሩ። ወይዘሮ ፍራንሲስ ትሮሎፕ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን በ1832 ያሳተሙት ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው። በ1834 ቤተሰቡ ከዕዳ ሸሽቶ ቤልጅግ አገር ብሩዥ ወደምትባል ከተማ በተሰደደ ጊዜ፥ አባትየውና አንደኛው ልጅ በጠና ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። እናቲቱ አንድ እጃቸው መድኃኒት ሲያቀብል፥ ሌላው እጃቸው ብዕር ይዞ የቤቱን ቀለብ የሚያመጣውን መጽሐፍ ይጽፍ ነበር። ልጃቸውም ባላቸውም ሞቱ፤ መጻፉ ግን አልተቋረጠም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ቤተሰቡ ሳይነቃ የቀኑን ጽሑፍ መጨረስ የእርሳቸው ልማድ ነበር። ልጃቸው ይህን አይቶ አደገ።

ትሮሎፕ በዚያው በ1834 በ19 ዓመቱ በሎንዶን ዋና ፖስታ ቤት በ90 ፓውንድ የዓመት ደመወዝ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። አንባቢ ከዚህ ላይ ትጉህ ወጣት ይጠብቅ ይሆናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በሰዓቱ አይገባም፤ ከአለቆቹ ይጋጫል፤ ከሥራ ሊወጣ ጥቂት የቀረው ጊዜም ነበር። አሥራ ሁለት ፓውንድ ያህል የነበረች የልብስ ሰፊ ዕዳ በአራጣ አበዳሪ እጅ ገብታ፥ ከሁለት መቶ ፓውንድ በላይ አስከፈለችው። ደራሲ ለመሆን ይመኛል፤ ነገር ግን አንድ ገጽ እንኳ አይጽፍም። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። የእርሱ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትጋት ከተፈጥሮ የተሰጠው ሰው አልነበረምና።

በ1841 ወደ አየርላንድ የሚሄድ የፖስታ ተቆጣጣሪ ረዳት ሲፈለግ፥ ማንም ያልፈለገውን ቦታ እርሱ ጠየቀ። አለቆቹም የተገላገሉ መስሏቸው ሰደዱት። ከሎንዶን ስለ እርሱ የተላከው ደብዳቤ መጥፎ ቢሆንም፥ አዲሱ አለቃ ሰውን በሥራው እንጂ በወሬ የማይመዝን ሆነ። ትሮሎፕ በዓመት ውስጥ የተመሰከረለት ሠራተኛ ሆነ፤ ፈረስ መጋለብ ተማረ፤ በ1844 ሮዝ ሄዝልታይን የተባለችውን ወጣት አገባ። መጻፍም የጀመረው በዚያ ነው። የቢሮው ሥራ ሲቃና ብዕሩም አብሮ ተፈታ።

የመጀመሪያው ልብ ወለድ በ1847 ወጣ፤ አንዲት ሣንቲም አላስገኘለትም። ሁለተኛው 375 ቅጂ ታትሞ የተሸጠው 140 ብቻ ነው። ለሦስተኛው 20 ፓውንድ ተቀበለ። ከሦስት መጻሕፍት በኋላ ስሙን የሚያውቅ አንባቢ አልነበረም። ብዙ ሰው ከዚህ ላይ ብዕሩን ይሰቅላል፤ እርሱ ግን ቀጠለ።

ከ1851 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል፥ ደብዳቤ ለገጠር ሰው የሚደርስበትን መንገድ እንዲያደራጅ ወደ ምዕራብ እንግሊዝ ተላከ። ከመንደር መንደር በፈረስ እየዞረ፥ ደብዳቤ ተሸካሚው በየትኛው መንገድ ቢሄድ እንደሚሻል ያጠና ነበር። ዛሬ የእንግሊዝ አገር ምልክት የሆነው፥ በመንገድ ዳር የሚተከለው የብረት የፖስታ ሣጥን በዚያ አገር ሥራ ላይ የዋለው በእርሱ ሐሳብ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች በ1852 በጀርዚ ደሴት ተተከሉ። በዚያው ዓመት ሶልዝበሪ በምትባለው ከተማ በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሲመላለስ፥ የካህናትን ኑሮ የሚተርክ ታሪክ በልቡ ተፀነሰ። «ዘ ዋርደን» የተባለው ይህ አጭር ልብ ወለድ በ1855 ታተመ። የመጀመሪያው ክፍያ አሥር ፓውንድ እንኳ አልሞላም፤ ነገር ግን ሰው ስሙን ማወቅ ጀመረ።

ያን መጽሐፍ ለመጻፍ ዓመት አልፎበት ነበር። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ልብ አለ፤ በሥራው ምክንያት ከቀኑ ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው በባቡር ውስጥ ነው። ስለዚህ በጉልበቱ ላይ የሚያሳርፋት ትንሽ የመጻፊያ ሰሌዳ አሠራ፤ በእርሳስ ይጽፋል፤ ቤት ሲደርስ ሚስቱ በቀለም ትገለብጥለታለች። «ባርቸስተር ታወርስ» የተባለውና በ1857 የወጣው ዝነኛ መጽሐፉ ብዙው ክፍል የተጻፈው እንዲህ በባቡር ወንበር ላይ ነው።

በ1859 መጨረሻ ከሎንዶን አጠገብ ዋልተም ክሮስ በምትባል ስፍራ ቤት ከያዘ በኋላ ደግሞ ሥርዓቱን አጸና። አንድ ሽማግሌ አሽከር በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ እየተከፈለው ቡና ይዞ ይቀሰቅሰዋል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትሮሎፕ ከጠረጴዛው ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ትናንት የጻፈውን በማንበብ ያሳልፋል። ከዚያም ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ብዕሩን አስቀምጦ ለቁርስ ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ የፖስታ ቤቱ ነው። በክረምት በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያም በላይ በፈረስ ቀበሮ ለማደን ይወጣ ነበር፤ ማታ ከወዳጆቹ ጋር ካርታ ይጫወታል። ስለ ኑካሬው የሚያዝንለት አልነበረም፤ የቀኑ ጽሑፍ ከቁርስ በፊት አልቋልና።

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ በሳምንትና በቀን የተሰመረ መዝገብ ነበረው። በየቀኑ የጻፈውን የገጽ ቍጥር ያሰፍርበታል። አንድ ቀን የሰነፈ እንደ ሆነ ባዶው ቦታ ከፊቱ ተደቅኖ ያሳፍረዋል። መካከለኛው ልክ በሳምንት 40 ገጽ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ገጽ 250 ቃላት ይይዛል፤ ይኸውም በሳምንት አሥር ሺህ ቃላት ማለት ነው። የሂሳብ ሹም የገቢና የወጪ መዝገብ እንደሚይዝ፥ እርሱም የቃላትን መዝገብ ያዘ።

በ1858 የሕንድና የአውስትራሊያ ፖስታ በግብፅ ምድር በባቡር እንዲያልፍ ውል ለመዋዋል ወደ እስክንድርያ ተላከ። በመርከቡ ላይ የባሕር በሽታ ሲይዘው ወረቀቱን ትቶ ይወጣል፤ ሲሻለው ተመልሶ ይጽፋል። «ዶክተር ቶርን» የተባለውን መጽሐፍ በግብፅ ጨረሰ፤ በማግስቱ ሌላውን ጀመረ። ይህ ሁለተኛው ከግብፅ ተነሥቶ በማልታ፥ በጅብራልታር፥ በግላስጎና በባሕር ላይ ተጽፎ በጃማይካ አለቀ። እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አይገባንም፤ መጽሐፉ ደካማ ነበር፤ ራሱ ደራሲውም አመነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት በእርሱም ላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር።

ነገር ግን በ1859 መገባደጃ በታከሬ አዘጋጅነት ሊወጣ የተዘጋጀ አዲስ መጽሔት አንድ ሺህ ፓውንድ ከፍሎ ልብ ወለድ ሲጠይቀው፥ ለመጀመሪያው ክፍል የተሰጠው ጊዜ ከሁለት ወር ያነሰ ነበር። ውሉን ጨርሶ ወደ አየርላንድ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹን ገጾች በባቡር ውስጥ ጻፈ። «ፍራምሊ ፓርሰኔጅ» በጥር 1860 መውጣት ጀመረ፤ ትሮሎፕን በአገሩ ሁሉ ያስታወቀው ይህ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ፍጥነት አንዱን መጽሐፍ ሲያበላሽ ሌላውን ያላበላሸው ለምንድን ነው?

እኛ እንደሚመስለን ምሥጢሩ ከጠረጴዛው ውጭ ነው። ስለ ባርቸስተር ካህናት ሲጽፍ ሰዎቹን አስቀድሞ ያውቃቸው ነበር። በፈረስ ሲሄድ፥ በመንገድ ሲመላለስ፥ ልክ እንደ ልጅነቱ ብቸኝነት አብረውት ይኖሩ ነበር። ሰዓቱን አስቀምጦ ሲቀመጥ የሚቀረው መገልበጥ ብቻ ይሆናል። አንድ ቀን በክበብ ውስጥ ሲጽፍ፥ ሁለት ካህናት ወይዘሮ ፕራውዲ የምትባለው ነገረኛ ገጸ ባሕርይ በየመጽሐፉ መመላለሷ እንዳሰለቻቸው ሲነጋገሩ ሰማ። ተነሥቶም ደራሲው እርሱ መሆኑን ገለጸላቸውና በሚቀጥለው ክፍል ገደላት። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ሞተ ዘመድ ናፈቃት። በቍጥር የሚጽፍ ሰው ልብ የለውም የሚሉ ይህን ያስቡ።

በመሥሪያ ቤቱ ግን ቅሬታ ደረሰበት። በ1864 ለምክትልነት የጠበቀው ሹመት በማዕረግ ከእርሱ ለሚያንስ ሰው ተሰጠ። ኀዘኑ ጽኑ ነበር፤ ቢሆንም ሦስት ዓመት ሥራውን በትጋት ሠርቶ በ1867 ተሰናበተ። ጡረታ ለማግኘት ስምንት ዓመት ስለ ቀረው ያለ ጡረታ ወጣ፤ ጡረታውን የሚተካ ገንዘብ ከብዕሩ አጠራቅሞ ነበርና። በ1871 ወደ አውስትራሊያ ሲጓዝ በስምንት ሳምንት የመርከብ ጉዞ፥ በሳምንት 66 ገጽ እየጻፈ፥ «ሌዲ አና» የተባለውን ልብ ወለድ ጀምሮ ጨረሰ።

ትሮሎፕ ታኅሣሥ 6 ቀን 1882 በሎንዶን ሞተ። ከሞቱ በኋላ እንዲታተም ለልጁ የተወው የሕይወት ታሪኩ በ1883 ሲወጣ ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ። ሰዓቱን፥ መዝገቡን፥ ከመጻሕፍቱ ያገኘውን 68,939 ፓውንድ ከነሽልንጉ ሳይደብቅ ዘርዝሮ ነበር። ድርሰት ከሰማይ የሚወርድ መንፈስ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች፥ ድርሰትን እንደ ጫማ ሰፊ ሥራ ቈጠረው ብለው ናቁት፤ ዝናውም ለብዙ ጊዜ ወደቀ። እውነት በመናገሩ ተቀጣ ለማለት ይቻላል። ዘመን ግን ፈረደለት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አንባቢ ተመልሶለት፥ በ1993 በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በባለቅኔዎች ማዕዘን የመታሰቢያ ድንጋይ ተደረገለት። የተሳለቁበት ብዙዎች ተረስተዋል።

በአገራችንም ቢሆን ሥልጣንና ብዕር አብረው ያልኖሩበት ጊዜ የለም። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ልብ ወለድ ታሪኮችን የጻፉ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሀዲስ ዓለማየሁም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሥራ ያለው ሰው አይጽፍም የሚለው አባባል እንግዲህ በእንግሊዝም በእኛም አገር አይጸናም።

የትሮሎፕን ሦስት ሰዓት ሁሉም ሰው ላያገኝ ይችላል። ነገር ግን በየማለዳው ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ 250 ቃላት፥ ማለትም አንድ ገጽ ብቻ የሚጽፍ ሰው፥ በአሥር ወር ውስጥ 300 ገጽ ይኖረዋል። ይህም ሙሉ መጽሐፍ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የተሰመረ ደብተር፥ አንድ ሰዓትና የሚቀሰቅስ ሰው ነው። ቀን በመንገድና በአውቶቡስ ስንሄድ ደግሞ ሰዎቻችን በልባችን ይኑሩ። ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው ነውና፥ ታሪካችንን ሌላ ሰው አይጽፍልንም።

ነገ ሰኞ ነው። ቢሮው የሚከፈተው ከነጋ በኋላ ነው።