ሄሚንግዌይና የባሕር ላይ መምህራኑ

በበዓል ቀን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የወጣ ቤተሰብ ጀልባ የሚከራየው ጉማሬ ለማየትና ነፋስ ለመቀበል ነው። ዓሣውማ አሞራ ገደል ተጠብሶ ይገኛል። ቆሮሶውንም አምባዛውንም የሚያወጡት በዚያው ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። ታዲያ በኩባ፣ በፍሎሪዳ ወይም በጎረቤታችን በኬንያ የባሕር ጠረፍ አባት፣ እናትና ልጆች ጀልባ ከነካፒቴኑ ተከራይተው፣ ከሰው የሚከብድ ዓሣ ሲታገሉ ይውሉና ብዙውን ጊዜ መልሰው ባሕር ውስጥ ይለቁታል ቢባል፣ ለብዙዎቻችን ቅንጦት ይመስለናል። ቅንጦት መሆኑን እኔም አልክድም። ሆኖም በዓለም ላይ በብዛት ከተነበቡት አጫጭር ልብ ወለዶች አንዱ የተገኘው ከዚሁ ቅንጦት ነው። ደራሲው አሜሪካዊው ኧርነስት ሄሚንግዌይ ነው። ስለ ዘመተባቸው ጦርነቶችና ስለ አራት ትዳሮቹ ብዙ ተጽፏል። እኔ የማነሣው የዓሣውን ነገር ብቻ ነው።

ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በጁላይ 21 ቀን 1899 በቺካጎ አጠገብ ኦክ ፓርክ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩ። በየዓመቱ በትምህርት ቤት የእረፍት ወራት ቤተሰባቸውን ሚቺጋን ውስጥ ወደሚገኝ ዋሉን ወደሚባል ሐይቅ ይወስዱ ስለነበር፣ ልጁ መንጠቆ መያዝን የተማረው ከእሳቸው ነው። በ1917 ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ኮሌጅ አልገባም፤ ካንሳስ ሲቲ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ሪፖርተር ሆነ። (ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ እዚህ የመጣን ሠልጣኞች እዚህ ላይ ጆሯችንን ብናቆም አይከፋም።) በተከታዩ ዓመት በቀይ መስቀል የአምቡላንስ ሾፌርነት ኢጣሊያ ዘምቶ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ቆሰለ። ከዚያ ፓሪስ፣ ከዚያ መጻሕፍት፣ ከዚያ ዝና። ይህን በዚሁ እንለፈው።

እ.ኤ.አ. በ1932 ከሚኖርባት ከፍሎሪዳዋ ኪ ዌስት ተነሥቶ ጆ ራስል የተባለ ሰው ጀልባ ተከራየና ወደ ሃቫና ተሻገረ። ራስል በመጠጥ ክልከላው ዘመን አረቄ በድብቅ ያመላልስ የነበረ፣ ባሕሩን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሰው ነበር። ለሁለት ሳምንት ተብሎ የተጀመረው ጉዞ ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። ያዘገየው ማርሊን የሚባለው ዓሣ ነው።

ማርሊን የላይኛው መንጋጋው እንደ ጦር የሾለ፣ በሞቃታማ ባሕሮች የሚኖር ዓሣ ነው። ከሰማያዊው ማርሊን ወንዱ ከ160 ኪሎ እምብዛም አያልፍም፤ ሴቷ ግን ከ500 ኪሎ በላይ ልትመዝን ትችላለች። አጠማመዱ እንዲህ ነው። ጀልባዋ በዝግታ ስትሄድ፣ መንጠቆ የገባባቸው ትናንሽ ዓሦች ከኋላዋ ይጎተታሉ። ማርሊኑ መንጠቆውን ሲውጥ፣ አጥማጁ በጀልባዋ የኋላ ክፍል በተተከለ ወንበር ላይ በቀበቶ ታስሮ ክሩን አንዴ ይለቃል፣ አንዴ ይጠቀልላል። ካፒቴኑ እንደ ዓሣው አካሄድ ጀልባዋን ያዞራል፤ ረዳቱ ደግሞ በመጨረሻ ዓሣውን በሜንጦ ይዞ ያስጠጋል። ተከራዩ እኔ ያዝኩት ይበል እንጂ፣ በእኔ ግምት ከሥራው ግማሹ የእነዚህ የሁለቱ ነው።

ሄሚንግዌይም ይህን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ካርሎስ ጉቲዬሬዝ የተባለውን ኩባዊ ዓሣ አጥማጅ ቀጥሮ ከእሱ ሥር ቁጭ ብሎ ተማረ ማለት ይቻላል። የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር እንደሚያልፍ፣ መንጠቆው ስንት ክንድ እንደሚወርድ፣ ክሩ መቼ እንደሚለቀቅ ጠየቀ፤ የሰማውንም ጻፈ። በ1934 የራሱን ጀልባ «ፒላር»ን በብሩክሊን አሠርቶ ገዛ። ርዝመቷ 38 ጫማ፣ ዋጋዋም 7,500 ዶላር ገደማ ነበር። ከገንዘቡ ከፊሉን ያገኘው «ኤስኳየር» ከተባለው መጽሔት በቅድሚያ ክፍያ ነው። ያልጻፈውን ጽሑፍ ሸጦ ጀልባ ገዛ ማለት ነው!

በዚያው ዓመት ከፊላዴልፊያ የተፈጥሮ ሳይንስ አካዳሚ ካድዋላደርና ፋውለር የተባሉ ሰዎች ሃቫና መጥተው ከእሱ ጋር ማርሊን መዘኑ፣ ለኩ። ያኔ በመልክ የሚለያዩት ማርሊኖች የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ወይስ አንዱ ዓሣ በተለያየ ዕድሜው ነው የሚለው ጥያቄ ገና አልጠራም ነበር። ፋውለር በ1935 አንድ ዓሣ በሄሚንግዌይ ስም ሰየመ፤ የሚያስቀው ግን ዓሣው ማርሊን ሳይሆን ትንሽ እሾሃም ዓሣ መሆኑ ነው። ስሙን ያገኘው የጀልባዋ ባለቤት ነው። ያስተማሩት ግን ኩባውያኑ ናቸው።

በዚያው በ1935 ወደ ቢሚኒ ደሴት ሲጓዝ፣ መንጠቆ የያዘውን ሻርክ በሽጉጥ እገድላለሁ ብሎ የገዛ እግሮቹን አቆሰለ። በዚያ ዘመን ዓሣውን መልቀቅ ልማድ አልነበረም፤ ወደብ ላይ ሰቅሎ አጠገቡ ፎቶግራፍ መነሣት ነበር። ይህን እኔ አልወድለትም። ሦስቱን ወንዶች ልጆቹንም ባሕር ላይ ይወስዳቸው ነበር። ከሞተ በኋላ በ1970 በታተመ ልብ ወለዱ ውስጥ፣ በአባቱ ጀልባ ላይ ከግዙፍ ዓሣ ጋር ለሰዓታት ታግሎ በመጨረሻ ስለሚያመልጠው ልጅ የሚተርክ ረጅም ክፍል አለ። ልጅን ይዞ ባሕር የሚወጣ አባት የሚያስበውንም የሚፈራውንም ከዚያ ማግኘት ይቻላል።

አሁን ወደ እኛ አገር የሚጠጋ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1936፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሄሚንግዌይ «ኤስኳየር» ላይ ስለዚሁ ወረራ ጻፈ። የጽሑፉ ዋና ነገር የአፍሪካ ጥንብ አንሣ ነው፤ ሙሶሊኒ የሚልካቸው ወጣቶች ቆስለው ሲወድቁ ምን እንደሚጠብቃቸው በወፎቹ በኩል አሳየ። አሞራ ገደል የዓሣ አንጀት ሲጣል አባ ኮዳዎቹ እንዴት እንደሚሻሙ ላየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከሦስት ወር በኋላ፣ ጦራችን ማይጨው ላይ በተዋጋበት ሰሞን፣ በዚያው መጽሔት የአፕሪል እትም ደግሞ ስለ አንድ ኩባዊ ሽማግሌ አጭር ታሪክ አወጣ።

ሽማግሌው ብቻውን በትንሽ ጀልባ ሆኖ በእጁ በያዘው ክር ትልቅ ማርሊን ይይዛል። ዓሣው ወደ መካከለኛው ባሕር ይጎትተዋል። በመጨረሻ ገድሎ ከጀልባው ጎን ሲያስረው ሻርኮች መጡ። እስኪደክም ተከላከለ። ሌሎች አጥማጆች ሲያገኙት እያለቀሰ ነበር፤ ከዓሣው የተረፈው ከግማሽ በታች ሲሆን እሱም ወደ 360 ኪሎ ይመዝን ነበር። እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ለባለጀልባው ያመለጠ ዓሣ የማታ ጨዋታ ነው፤ ለሽማግሌው ግን የወራት እንጀራ ነው።

ሄሚንግዌይ ይህን ታሪክ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይዞት ኖረ። ሃቫና አጠገብ ባለው ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1951 በጥቂት ሳምንታት ጻፈው። «ሽማግሌውና ባሕሩ» በ1952 ሲወጣ «ላይፍ» መጽሔት ሙሉውን አትሞት 5 ሚሊዮን ቅጂ በሁለት ቀን ተሸጠ። በ1953 የፑሊትዘር፣ በ1954 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዑጋንዳ ውስጥ በተከታታይ በደረሱበት ሁለት የአውሮፕላን አደጋዎች ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር ስቶክሆልም አልሄደም። ሜዳሊያውን ለኩባ ሕዝብ ሰጥቶ፣ ኤል ኮብሬ በሚገኘው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተቀመጠ።

በሜይ 1960 በስሙ በሚጠራው የማርሊን ውድድር ላይ ፊደል ካስትሮ አሸነፈ፤ ዋንጫውንም የሰጠው ሄሚንግዌይ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ጤናው ተቃወሰ፤ ሐሳቡም ተረበሸ። በጁላይ 2 ቀን 1961 አይዳሆ ክፍለ ሀገር ኬቸም በምትባል ከተማ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

«ፒላር» ዛሬ ሃቫና አጠገብ በቀድሞ ቤቱ ግቢ፣ ከውኃ ወጥታ በመጠለያ ሥር ቆማለች። ለብዙ ዓመታት የነዳት ግሬጎሪዮ ፉዌንቴስ እስከ 2002 ኖሮ በ104 ዓመቱ አረፈ። ደራሲው ጀልባውን ያስርባት በነበረችው በኮሂማር መንደር ያሉት ዓሣ አጥማጆች ግን ሐውልት ሊያቆሙለት ሲነሡ ነሐስ መግዣ አልነበራቸውም። የየጀልባቸውን አሮጌ የሞተር መዘውርና የናስ ዕቃ አዋጥተው አቀለጡት። በዚያ የተሠራው የራሱ ምስል ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ እስካሁን እዚያው አለ።