ጎማን በአየር የሞላው የእንስሳት ሐኪም፤ የጆን ቦይድ ደንሎፕ ሕይወት

ደንሎፕ የሚለውን ስም በሞያሌ ያላየ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በኬንያው ወገን ባሉት የጁዋ ካሊ ሠራተኞች ዘንድም ሆነ በኢትዮጵያው ወገን ባሉት ጎሚስታዎች ደጃፍ ስሙ በጎማ ጎን ላይ ተቀርጾ ይታያል። ብዙዎቻችን ግን የፋብሪካ ስም ብቻ ይመስለን ነበር። ደንሎፕ ሰው ነው፤ ያውም መካኒክ ወይም መሐንዲስ ሳይሆን ፈረስና ላም የሚያክም ሐኪም።

የእርሱን ታሪክ ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥነው በራሳችን ላይ ከደረሰ ነገር ተነሥተን ነው። የስፖርት ቡድናችን በማርሳቢት ውድድር አድርጎ ሲመለስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ቱርቢን ካለፍን በኋላ ወደ ግራ ይስብ ጀመር። ሾፌራችን መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ቀኝ እየመለሱ ጉዞውን ቀጠሉ። ሶሎሎ ሳንደርስ የፊት ግራው ጎማ ፈነዳ። ሾፌራችን ደንግጠው ፍሬን ሳይረግጡ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይዘው መኪናው ፍጥነቱን በራሱ እስኪቀንስ ስለ ጠበቁ አንድም ሰው አልተጎዳም። እኛም በፀሐይ ላይ ቆመን ትርፍ ጎማው እስኪገጠም አምላካችንን ስናመሰግን ቆየን።

ሞያሌ ስንደርስ ጎማውን ያዩት ሽማግሌ ጎሚስታ ነገሩን በአጭሩ አስረዱን። ጎማው ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ነበር። ጥርሱ ገና ጥልቅ ስለ ነበር አዲስ ይመስላል፤ ዕድሜው ግን ከአንዳንድ ታናናሾቻችን ይበልጥ ነበር። ጎኑ በደቃቃው ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ በኩል አየሩ ቀስ በቀስ ወጥቷል። አየር ያነሰው ጎማ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ፣ እየጋለ ሄደ፣ በመጨረሻም ፈነዳ። መሪው አስቀድሞ ነግሮን ነበር ማለት ነው፤ የሰማው ግን አልነበረም። ያን ዕለት ማታ በጎማ ውስጥ አየር እንዲገባ ያደረገው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ወደ ደንሎፕ መራን።

ጆን ቦይድ ደንሎፕ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1840 በስኮትላንድ፣ በኤይርሻየር ግዛት፣ ድሬጎርን በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በኤድንብራ የእንስሳት ሕክምና አጥንቶ ገና በ19 ዓመቱ ሐኪም ሆነ። በ1867 ወደ አየርላንድ ተሻግሮ በዳውንፓትሪክ ከወንድሙ ጋር ሕክምና ቤት ከፈተ፤ ኋላም ወደ ቤልፋስት ከተማ ተዛወረ። በ1880ዎቹ አጋማሽ በዚያች ከተማ የነበረው ሕክምና ቤቱ በአየርላንድ ከሚገኙት ትልልቆቹ አንዱ ሆኖ ነበር። ሀብት በከብት በሚቆጠርበት በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ሐኪም ምን ያህል እንደሚከበር መንገር አያስፈልግም።

በዚያን ዘመን የብስክሌት ጎማ ድፍን ነበር። በውስጡ አየር የለም፤ የመንገዱን ድንጋይ አንድ በአንድ ወደ ጋላቢው አጥንት ያደርሳል። የቤልፋስት መንገዶች ደግሞ በድንጋይ የተነጠፉ ነበሩ። በ1887 የደንሎፕ ትንሽ ልጅ ጆኒ በባለ ሦስት እግር ብስክሌቱ ሲሄድ እንደሚንገጫገጭ አባት አየ። ብዙ አባት ልጁን ይታገሥ ብሎ ያልፋል። ደንሎፕ ግን አላለፈም።

ከእንጨት ክብ ሠርቶ ከስስ የጎማ ሉህ ያበጀውን ቱቦ፣ ማለትም ዛሬ ካላማዳሪ የምንለውን ዓይነት፣ በዙሪያው አደረገበት። በሸራ ጠቅልሎ ከክቡ ጋር አያያዘውና በኳስ መንፊያ ነፋው። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣ። በመጀመሪያ የልጁን ብስክሌት ድፍን ጎማ ያለበትን እግር ወርውሮ አንከባለለ፤ ግቢውን ሳይጨርስ ወደቀ። ቀጥሎ በአየር የተሞላውን ክብ አንከባለለ፤ ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ነጥሮ ተመለሰ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የማረከን ይህ ነው። ደንሎፕ ከማንም ጋር አልተከራከረም። ሁለት ነገሮችን ወስዶ በአንድ ግቢ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ጉልበት አንከባለላቸውና ልዩነቱን በዓይኑ አየ። በሽተኛ ላም ሐኪሟን የት እንደሚያማት አትነግረውም፤ ሐኪሙ ጤነኛዋን ከታመመችው ጋር አስተያይቶ ራሱ ማወቅ አለበት። ይህ ልማድ ሳይጠቅመው አልቀረም ብለን እናስባለን።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1888 የአየር ጎማ በልጁ ብስክሌት ላይ ተገጥሞ ተሞከረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 7 ቀን ደንሎፕ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው። በሜይ 1889 ዊሊ ሂዩም የተባለ የቤልፋስት ብስክሌተኛ በአየር ጎማ ተወዳድሮ አሸነፈ። ተመልካቹ መጀመሪያ በወፍራሙ ጎማ ሳይስቅ አልቀረም፤ ከውድድሩ በኋላ ግን ሁሉም እንደዚያው ያለ ጎማ ፈለገ። ከተሸናፊዎቹ መካከል የደብሊኑ ነጋዴ የሃርቪ ዱ ክሮስ ልጆች ነበሩ። አባትየው ነገሩ ገባቸውና በዚያው ዓመት ከደንሎፕ ጋር ሆነው የጎማ ኩባንያ አቋቋሙ።

ከዚያ በኋላ መራራ ዜና መጣ። በ1890 የደንሎፕ መብት ዋጋ እንደሌለው ተነገረው። ሮበርት ዊሊያም ቶምሰን የተባለ ሌላ የስኮትላንድ ሰው በ1845፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ የአየር ጎማን አስመዝግቦ ኖሯል። ቶምሰን ጎማውን በፈረስ ሠረገላ ላይ ገጥሞ በለንደን ቢያሳይም በዘመኑ ስስ ጎማ ውድ ስለ ነበርና ብስክሌት ገና ስላልተስፋፋ ሐሳቡ ተረስቶ ቀረ። እርሱም በ1873 ሞተ። ደንሎፕ ይህን አያውቅም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈጣሪ ቶምሰን ነው፤ ነገሩን ሥራ ላይ አውሎ ለዓለም ያዳረሰው ደግሞ ደንሎፕ። ለሁለቱም የየድርሻቸውን መስጠት ተገቢ ነው። ኩባንያው ጎማን ከቸርኬ ላይ በቀላሉ ማውለቅ የሚያስችሉ የሌሎች ሰዎችን ፈጠራዎች ገዝቶ ከውድቀት ዳነ።

ጎማው ከብስክሌት ወደ መኪና የተሻገረው በሌሎች እጅ ነው። በ1895 የፈረንሳዮቹ ወንድማማቾች አንድሬና ኤድዋርድ ሚሽላን ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር የአየር ጎማ የተገጠመለት መኪና አሰለፉ። ደንሎፕ በዚያው ዓመት ከኩባንያው ለቀቀ። በዓመቱ ኩባንያው በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ ስሙን የሰጠው ሰው ከዚያ ሀብት ብዙም አልተጠቀመም። በደብሊን በጸጥታ ኖሮ ኦክቶበር 23 ቀን 1921 በ81 ዓመቱ ዐረፈ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ከተማ የሚተርፍ ትምህርት አለ። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ሳይሆን ጎማን የሚጨርሰው ስለታሙ ድንጋይ ነበር፤ ዛሬ ፍጥነትና ሙቀት ነው። ስለዚህ ጎማ ስንመርጥ ጥርሱን ብቻ ማየት አይበቃም። ከጎሚስታውና ከመምህራችን የተማርነውን እነሆ።

በመጀመሪያ ዕድሜውን እናንብብ። በጎማው ጎን ዶት ተብሎ በላቲን ፊደል በሚጀምረው ጽሕፈት መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 የሚል ከሆነ ጎማው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ቢያምርም መቀየር አለበት። ቀጥሎ መጠኑን እንይ። 205/65 አር 15 ማለት የጎማው ስፋት 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ የቸርኬው መጠን 15 ኢንች ነው፤ አር የሚለው ፊደል ራዲያል የተባለውን አሠራር ያመለክታል። ከዚያ የሚከተለው ቁጥር የሚሸከመውን ክብደት ይናገራል፤ ለምሳሌ 94 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 670 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው። ሰውና ጭነት ለሚያበዛ መኪና ይህን ቁጥር መናቅ አደጋ ነው። በአንድ አክስል ላይ ያሉ ሁለት ጎማዎች በመጠንም በዓይነትም አንድ መሆን አለባቸው። ገንዘብ አጥሮን ሁለት ብቻ ከገዛን አዲሶቹን ወደ ኋላ እናድርግ፤ በዝናብ የኋላው ሲንሸራተት መኪናው ይዞራልና፣ ያን ደግሞ በመሪ መመለስ ከባድ ነው።

መሪ ሲስብ ደግሞ የደንሎፕን ዘዴ እንከተል፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጠን ልዩነቱን እንይ። አስቀድሞ የአየሩን መጠን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በበሩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር እናስተያይ። አየሩ ትክክል ሆኖ መሳቡ ካልቀረ የፊቶቹን ሁለት ጎማዎች ግራና ቀኝ እናለዋውጥ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞሩ የተሠሩ ከሆኑ ግን አይለዋወጡም። መሳቡ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው። በዚያው ጎን ከቀረ አላይመንቱ፣ ቴስቲናው ወይም የያዘ ፍሬን ሊሆን ይችላል። ፍሬን የያዘው ጎን ከጉዞ በኋላ ከሌላው ይልቅ ይግላል። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚስብ ከሆነም ፍሬኑ ይመርመር።

አንድ ሌላ ፈተና አለ፤ እርሱ እንደ እኛ ላለ የድንበር ከተማ የተሰጠ ነው። መንገድ ውኃ እንዲያፈስ መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ ጤነኛ መኪናም በትንሹ ወደ ዳር ይወርዳል። በኬንያ በግራ ስለሚነዳ ዳሩ በግራ ነው፤ በኢትዮጵያ ከ1964 ጀምሮ በቀኝ ስለሚነዳ ዳሩ በቀኝ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ የሚመላለስ ሾፌር መኪናው በኬንያ ወደ ግራ፣ በኢትዮጵያ ወደ ቀኝ በትንሹ ሲያዘነብል ካየ ምክንያቱ መንገዱ ነው፤ አይሥጋ። በሁለቱም አገር ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚስብ ከሆነ ግን ሕመሙ ከመኪናው ነውና ሳያድር ወደ ጎሚስታ ይሂድ። ደንሎፕ ሁለቱን ክቦች በአንድ ግቢ አስተያየ፤ የእኛ ሾፌሮች አንዱን መኪና በሁለት አገር ያስተያያሉ።

የትምህርት ቤታችን ሾፌር አሁን ጠዋት ጠዋት ሳይነሡ በፊት በመኪናው ዙሪያ ይዞራሉ፤ አየሩን ይለካሉ፣ የጎማውን ጎን በእጃቸው ይዳስሳሉ። እኛም ቦርሳችንን ይዘን ከኋላቸው እንከተላለን። ከመካከላችን ነገ ሾፌር፣ መካኒክ ወይም የከብት ሐኪም የሚሆን ይኖራል። ሁላችንም ግን በዚያ መንገድ ተሳፋሪዎች ነን፤ መሪ ሲስብ ዝም አንበል።