ከግቢ ወደ ጎዳና የወጣው ብርሃን፤ ዳግማዊ ምኒልክና የከተማ መብራት

የባሮ ዳሯ ጋምቤላ በአገራችን የንግድ ታሪክ ስሟ ሊጠራ የበቃው በአንድ ንጉሠ ነገሥት ፈቃድ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል፣ በኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት በኪራይ ፈቀዱ። ጣቢያው በመጨረሻ በጋምቤላ ተቋቋመ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ለባሮ ዳር የንግድ በር የከፈቱት ንጉሥ ለአዲስ አበባም የኤሌክትሪክ መብራት ያስገቡ ናቸው። ዛሬ ከተሞች መብራታቸውን በሚለውጡበት ዘመን ታሪካቸውን መመርመር ይጠቅመናል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና የ11 ዓመት ብላቴና ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ ማርከው ወሰዷቸው፤ አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። በ1872 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኤዲሰን አምፖሉን ለሕዝብ ሲያሳይ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ በአገራችን ግን ሌሊቱ የጧፍና የእሳት ብርሃን ሌሊት ነበር።

በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ በ1888 ዓ.ም. የዓድዋን ድል አገኙ። ከድሉ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤተ መንግሥታቸው በሞተር በሚሠራ ኤሌክትሪክ በራ። ስልኩ፣ ባቡሩ፣ ባንኩና ትምህርት ቤቱም በዚሁ ዘመን ተከታትለው መጡ። አዲስ ነገር ሁሉ የሰይጣን ሥራ የሚመስለው ሰው ባልጠፋበት ጊዜ፣ ንጉሡ መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው እየሞከሩ ማሳየትን መረጡ።

ይሁን እንጂ ያ የመጀመሪያው መብራት የግቢ መብራት ነበር። ከአጥሩ ውጭ ያለው ከተሜ ብርሃኑን ከሩቅ አይቶ በጨለማ ወደ ቤቱ ይገባል። ነገሩ የተለወጠው በ1904 ዓ.ም. በአቃቂ ወንዝ ላይ የውኃ ኃይል ማመንጫ ሲሠራ ነው። ኃይሉ የታሰበው ለትናንሽ ፋብሪካዎች ቢሆንም፣ ውሎ አድሮ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ወዳሉ የሕዝብ ቦታዎችና ዋና ዋና መንገዶች ተዳረሰ። በዚያን ጊዜ ምኒልክ በጽኑ ሕመም አልጋ ላይ ነበሩ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የጀመሩት ሥራ ግን ከግቢው በር ወጥቶ ጎዳና ላይ ደርሶ ነበር።

ዛሬ በፒያሳ በሐውልታቸው አጠገብ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። በዚያው ዓመት የተጀመረው የኮሪደር ልማት የአዲስ አበባን ጎዳናዎች በአዲስ መብራት አስጊጧል፤ ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ተሻግሯል። አዲሱ መብራት ኤል ኢ ዲ የሚባለው ነው። የቀድሞው አምፖል የሚወስደውን ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ሲለውጠው፣ ኤል ኢ ዲ በጥቂት ኃይል ብዙ ብርሃን ይሰጣል።

ለምሳሌ 250 ዋት የሚወስዱ 100 የቢጫ ሶዲየም መብራቶች በሌሊት 12 ሰዓት ቢበሩ፣ በዓመት 109,500 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በየ120 ዋቱ ኤል ኢ ዲ ቢተኩ ፍጆታው 52,560 ይሆናል፤ ከግማሽ በላዩ ተረፈ ማለት ነው። በደህና የተሠራ ኤል ኢ ዲም 50,000 ሰዓት ያህል ስለሚያገለግል፣ በዚህ ስሌት ከ11 ዓመት በላይ ይቆያል።

ነገር ግን መብራቱን መግዛት ብቻውን አይበቃም። ጋምቤላ ቆላ ናት፤ ኤል ኢ ዲ በውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ደግሞ ሙቀትና የሚዋዥቅ ኃይል ያበላሸዋል። ስለዚህ በባሮ ዳር መብራት የሚያቆም ሹም ሙቀት የሚያስወጣ ጥሩ ሽፋን ያለውን መምረጥ፣ መለዋወጫና ባለሙያም አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። ነጭ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ነፍሳትን ይስባል፤ በወንዝ ዳር ለሚኖር ሕዝብ ሞቅ ያለ ቢጫማ ቀለም ያለውና ወደ ምድር ብቻ የሚያበራው ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የተረፈው ኃይልና ገንዘብ የት ይውላል የሚለው ነው። ሐውልቱንና አደባባዩን ይበልጥ ለማሸብረቅ ከዋለ፣ ብርሃኑ ተመልሶ የግቢ መብራት ሆነ። ተማሪው ከማታ ትምህርት የሚመለስበትን፣ ነጋዴዋ ከገበያ የምትገባበትን፣ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰድበትን የውስጥ መንገድ ካበራ ግን የሕዝብ ሆነ። ነገ የከተማ በጀት በእጃችሁ የሚገባ ወጣቶች ሆይ፤ አደባባዩ ደምቆ ስታዩ፣ ከኋላው ወዳለው ሰፈር ገብታችሁ መንገዱ መብራቱን ሳታዩ ሥራው ተፈጸመ ብላችሁ አትፈርሙ።