የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ምስል የት ይሰቀል?

ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው በፍሬም የተሰራ ትልቅ ምስል ታቅፎ በባጃጅ ሆሳዕናን ሲዞር ካያችሁ፣ እኔ ነኝ። አንድ ሠዓሊ ጓደኛዬ ለከተማው ወጣቶች ይሁን ብሎ በስጦታ የላከውን የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ምስል የምሰቅልበት ቦታ እየፈለግኩ ነበር። በነጻ የመጣ ነገር ቦታ ያጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ግን ይሄን ማወቅ ነበረብኝ። ዋጋ ያልተለጠፈበትን ነገር ብዙ ሰው ዋጋ የሌለው አድርጎ ነው የሚያየው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቢሮ ያሉት ኃላፊ ምስሉን አየት አድርገው የየት አገር ሰው እንደሆኑ ጠየቁኝ። የምንጃር ሰው መሆናቸውን ስነግራቸው የአካባቢያችን ሰው ቢሆን እንደሚሻል ነግረው ሸኙኝ። ቀጥሎ የሄድኩበት ሆቴል ሊወስደው ፈልጎ ነበር። ግን የፈለገው ለግድግዳ ጌጥ ነው፤ ስማቸውን እንኳን አልጠየቀም። ምስሉን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እስቲ ሰውየው ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ።

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። በአፄ ምኒልክ ዘመን በድምፃቸውና በግጥማቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ማሲንቆ እየመቱ ያዜማሉ። ቅኔያቸው ሰምና ወርቅ አለው፤ ላዩን የሰማው ይስቃል፣ ውስጡ የገባው ዝም ይላል።

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ መኪና የሚባል ነገር አዲስ አበባ ገባ። አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ መኪና ይዞ መጥቶ ነበር። ተሰማም ስለ መኪና እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። የሄዱት ለሞተር ነው፤ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው ግን እዚያ በተቀዳው ድምፃቸው ነው።

ያኔ ሙዚቃ የሚቀዳው ያለ ማይክራፎን ነው። ዘፋኙ እንደ ጡሩንባ አፉ የሰፋ ቀንድ ፊት ለፊት ቆሞ ይዘፍናል። ድምፁ መርፌ ያንቀጠቅጣል፣ መርፌው ሰም ላይ ይጭራል፣ ከሰሙ ላይ ቅርጽ ይወጣና ሸክላ ይታተማል። በሸክላው አንድ ገጽ የሚገባው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ከተሳሳትክ እንደገና ከመጀመሪያው። ኤዲት የለም፣ ኦቶቲዩን የለም። ሰምና ወርቅ የሚያውቁት ሰው ድምፃቸው እውነተኛ ሰም ላይ ታተመ። እነዚህ ቅጂዎች የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች ተብለው ይታወቃሉ።

አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከልጅ ኢያሱ ጋር ተቀራረቡ። ነጋድራስም ተባሉ፤ ነጋድራስ የነጋዴና የቀረጥ አለቃ ማለት ነው። መስከረም 1909 ዓ.ም. ላይ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ግን የእሳቸውም ኑሮ ተናጋ። ልጃቸው ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። ሀዲያ ሆሳዕና ሲጫወት ጉሮሯችሁ እስኪዘጋ የምትጮሁ ሁሉ ይሄን ስም ታውቁታላችሁ። አዎ፣ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ ቡድኑን የመሩት፣ በኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የካፍ ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አባትየው በ1950ዎቹ አጋማሽ አረፉ።

ሸክላዎቹ ግን እዚህም እዚያም ተበትነው ቀሩ። ተሰብስበው በኢትዮፒክስ ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆነው የወጡት በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ድምፁ ራሱ ማረፊያ ለማግኘት መቶ ዓመት ፈጅቶበታል። እኔ በሁለት ሳምንት ተስፋ ልቆርጥ ነበር።

የቢሮው ኃላፊ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ሀዲያና ከምባታ ውስጥ ማንም ምስላቸውን ያልሳለላቸው፣ ድምፃቸውም ሳይቀዳ ያለፉ ስንት ዘፋኞች አሉ። በያሆዴና በመሳላ ሲዘፈን ያደግንበት ዜማ መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ተሰማን ከእነሱ የሚለያቸው የድምፅ ማማር ብቻ አይደለም። አንድ ቀን አንድ ማሽን ፊታቸው መኖሩ ነው።

ይሄ ሲገባኝ ምስሉ የት መሄድ እንዳለበት ገባኝ። ሆሳዕና ውስጥ አንድ የማውቃት ጠባብ ስቱዲዮ አለች፤ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተሸፈነ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማይክ ያላት። ከዱራሜ፣ ከዶዮገና፣ ከሾኔ የሚመጡ ልጆች በሀዲይኛና በከምባትኛ የሚቀዱት እዚያ ነው። ምስሉን ይዤ ስገባ አንድ ልጅ ተራውን እየጠበቀ ነበር። ማን እንደሆኑ ጠየቀኝ። መልስ ከመስጠት ስልኬን አውጥቼ ድምፃቸውን ከፈትኩለት። ከጫጫታው ሥር ማሲንቆው ሲሰማ ልጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው። ሲያልቅ እንደገና አስከፈተኝ።

አሁን ምስሉ ማይኩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ሥሩ ስማቸው፣ ዓመቱና ዘፈኑን የሚከፍት ኪውአር ኮድ አለ። ስጦታው የከተማው ወጣቶች እንጂ የስቱዲዮዋ ንብረት ስላልሆነ ከባለቤቱ ጋር ወረቀት ተፈራርመናል፤ ቤቱ ኪራይ ነውና ስቱዲዮዋ ብትዘጋ ምስሉ ልጆች ወደሚቀዱበት ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ከጎኑ ያለውን ግድግዳ ባዶ ትተነዋል። እናንተ ሰፈር በሠርግም በለቅሶም የሚጠሩ፣ ዜማ የሚያውቁ አዛውንት ካሉ ዛሬውኑ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱና ቅዷቸው። ስማቸውንም ጻፉ። ምስሉ በኋላ ይደርሳል።