ጆርጅ ደ ሄቬሺ እና የራዲዮአክቲቭ ጠቋሚ ዘዴ አጀማመር

ጆርጅ ደ ሄቬሺ እ.ኤ.አ. በ1885 በቡዳፔስት ተወለደ። በ1911 በማንቸስተር ሳለ ኧርነስት ራዘርፎርድ አንድ ከባድ ሥራ ሰጠው፤ ይኸውም ራዲየም ዲ የተባለውን ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ከተቀላቀለበት እርሳስ መለየት ነበር። ሄቬሺ ብዙ ቢደክምም አልተሳካለትም። ምክንያቱ ራዲየም ዲ ራሱ የእርሳስ አይሶቶፕ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በኬሚካዊ መንገድ የሚለይበት ባሕርይ አልነበረውም።

የሄቬሺ ብልኅነት የታየው ከዚህ ውጤት አልባ ድካም ባተረፈው ሐሳብ ነው። ሁለቱ የማይለያዩ ከሆነ፣ ጥቂት ራዲየም ዲ የተጨመረበት እርሳስ በደረሰበት ሁሉ በጨረሩ ሊታወቅ ይችላል። በ1913 ከፍሪድሪክ ፓኔት ጋር በቪየና በዚሁ ዘዴ እጅግ በጥቂቱ የሚሟሙትን የእርሳስ ክሮሜትና የእርሳስ ሰልፋይድ ሟሚነት ለካ። በ1923 ደግሞ ኮፐንሃገን ውስጥ እርሳስ በባቄላ ተክል ሥርና ግንድ እንዴት እንደሚዘዋወር ተከታተለ።

ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው ሄቬሺ በናዚዎች ዘመን በ1934 ፍራይቡርግን ለቅቆ ወደ ኮፐንሃገን ተመለሰ። በዚያም በ1936 ከሂልዴ ሌቪ ጋር ናሙናን ለኒውትሮን በማጋለጥ ራዲዮአክቲቭ አድርጎ፣ በኢትሪየም ውስጥ ያለውን የዲስፕሮሲየም መጠን መወሰን እንደሚቻል አሳየ። ይህም የኒውትሮን አክቲቬሽን ትንተና መነሻ ሆነ። በ1943 ወደ ስዊድን ተሰደደ፤ የዚያው ዓመት የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትም ለእርሱ ተሰጠ። በ1966 በፍራይቡርግ አረፈ።

የጠቋሚው ዘዴ የተመሠረተው፣ መለየትን የከለከለው ያው የባሕርይ አንድነት መከታተልን በማስቻሉ ላይ ነው። በቤተ ሙከራ ያልተሳካ ሥራ ከመጣሉ በፊት ለምን እንዳልተሳካ መመርመር እንደሚገባው የሄቬሺ ሕይወት ያስረዳል።