ነርሷ ልዕልት ፀሐይ

በከሚሴና በዙሪያዋ ካሉ ወረዳዎች ነርስነት የሚማሩ ልጆች ያሉን እናቶችና እህቶች ብዙ ነን። ስለዚህ በዚህ እትም የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ታሪክ ላካፍላችሁ።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ከተፈሪ መኰንንና ከወይዘሮ መነን አስፋው ተወለዱ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር፣ በ1928 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። የንጉሥ ልጅ ሆነው ሥራ ሳይነኩ መቀመጥ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ። በ1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ፤ ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

የሕፃናት ነርስነት ከባድ ትምህርት ነው። ጨቅላ ሕፃን የት እንዳመመው አይናገርም። ነርሷ አተነፋፈሱን፣ የቆዳውን ቀለም፣ አጠባቡንና የለቅሶውን ድምፅ አይታና ሰምታ መፍረድ አለባት። ትናንት ያለቅስ የነበረ ሕፃን ዛሬ ዝም ካለ ተሽሎት ሊሆን ይችላል፣ ደክሞም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የምትለየው ቀርባ ያየችው ናት።

ልዕልቲቱ ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው አቢይ አበበን አገቡ፤ ባለቤታቸው ወደተሾሙበት ወለጋም አብረው ሄዱ። ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የጤና ችግር በ22 ዓመታቸው አረፉ። ሕክምናን የተማሩ የንጉሥ ልጅም ከዚህ አላመለጡም።

በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባሰበች። አዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል ነርሶችንም ያሠለጥን ነበር፤ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል።

ዛሬም እናቶችን ከሚገድሉ ነገሮች አንዱ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ነው። ደሙ በማኅፀን ውስጥ ሊጠራቀም ስለሚችል ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። የወጣት እናት የደም ግፊት እስከ መጨረሻው ደህና ሊመስል ይችላል፤ የልብ ምቷ ግን ቀድሞ ይፈጥናል። ፊቷ ይገረጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያልባታል፣ ይጠማታል፣ እረፍት ታጣለች። ነርሷ ምቱን ቆጥራ ከቀደመው ጋር ታስተያያለች፤ ማኅፀኑ መጠንከሩን በእጇ ትዳስሳለች፤ ጨርቁን ገልጣ ታያለች። የደሙ መጠን 500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ አደጋ ነው፤ ቀድሞ ደም ላነሳት እናት ግን ከዚያ ያነሰውም ይበዛባታል።

እኔ በሒሳብ ሥራ የማውቀው አንድ ነገር እዚህም ይሠራል፦ ሳይቆጠር የተሞላ ቁጥር ባዶ ከሆነ ሣጥን ይብሳል፤ የሚያየው ሰው ሁሉ ደህና ነው ብሎ ያልፋልና። የልብ ምት 80 ተብሎ በግምት ከተጻፈ፣ ተረኛዋም ሐኪሙም ይታለላሉ። በተለይ ከእኛ ዘንድ ወደ ደሴ ሪፈር የምትጻፍ እናት መንገድ አለባት፤ ቀድሞ የተለየ ምልክት ለመንገዱ ጊዜ ይሰጣታል።

ልጆቻችን ለተማሪነት ልምምድ ሲወጡ ይህን እንንገራቸው። ያልገባቸውን ይጠይቁ፤ ያላዩትን አይጻፉ፤ የሚያሳስብ ነገር ካዩ፣ ተማሪ ነኝ ብለው ሳያፍሩ አለቃቸውን ይጥሩ። አለቃ ቢቆጣ ቁጣው ያልፋል። እናት ግን አትመለስም።